ሰም ለበስ ቃል እንደ ታሪክ ምስክር፤ ስለ ድሬዳዋ ስያሜዎች

ሰም ለበስ አነጋገር በትምህርት ቤት ሲተረጐም አብዛኛውን ጊዜ «የንግግር ጌጥ» ይባላል። ጌጥ ከተባለ ዘንድ ቢያደርጉት ያምራል፤ ባያደርጉትም ከሰውነት የሚጐድል ነገር የለም ማለት ነው። ይህ አስተያየት በማኅበር ላይ ለሚነገር ግጥም በመጠኑ ይስማማ ይሆናል፤ ሕዝብ በገበያና በመንገድ ለሚናገረው ቃል ግን ከቶ አይስማማም። ሰው ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን ነገር ባየ ጊዜ ስም ስለሌለው ከሚያውቀው ነገር ስም ተውሶ ይጠራዋል። የተዋሰው ስም ነገሩን መጀመሪያ ሲያየው ምን እንደ መሰለው፣ ከየትኛው ወገኑ እንደ ያዘው ይናገራል። እንዲህ ያለው ምሳሌ ጌጥ ሳይሆን መያዣ ነው።

ስለዚህ የታሪክ ተመራማሪ የጽሑፍ ሰነድ ባነሰበት ስፍራ ቃልን እንደ ምስክር አቁሞ ለመጠየቅ ይችላል። ነገር ግን በዳኛ ፊት እንደሚቆሙት ሰዎች ሁሉ ከቃላትም ምስክሩ ሁሉ እኩል አይደለም። አንዱ ነገሩ ሲደረግ ያየ ነው፤ አንዱ ከተደረገ በኋላ የሰማ ነው፤ አንዱ ደግሞ ከጉዳዩ ጥቅም የሚጠብቅ ነው። ብዙ ጊዜ ስለ አገር ስሞች የሚጻፈው ነገር የሚሳሳተው እነዚህን ሦስቱን ባለመለየቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የድሬዳዋን ከተማ ስያሜዎች መርምረን የትኛው ቃል የትኛው ዐይነት ምስክር እንደ ሆነ ለማሳየት እንሞክራለን። ጉዳዩ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በአገራችን የከተማ ስም ፍቺ የርስት ማስረጃ ሆኖ የሚቀርብበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ድሬዳዋን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። የብዙዎቹ ከተሞቻችን ልደት በትውፊት ጉም የተሸፈነ ሲሆን የዚህችኛይቱ ግን በቀን ይታወቃል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው አሳብ ሐዲዱን እስከ ሐረር ከተማ ለማድረስ ነበረ፤ ዳሩ ግን ዳገቱ ብዙ ገንዘብና ድካም የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ መስመሩ ከተራራው ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ያህል በሆነው ሜዳ ላይ አለፈ። ታኅሣሥ 15 ቀን 1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚያ ደረሰ። ከዚያም ኩባንያው ገንዘብ አጥቶ ሥራው ቆመ፤ በ1900 ዓ.ም. ለሌላ ኩባንያ ፈቃድ ተሰጥቶ 784 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ድሬዳዋ የሐዲዱ መጨረሻ ስለ ነበረች ነጋዴው፣ ሲራራው፣ ግመሉና የጥገና ሥራ ቤቱ ሁሉ እዚያ ተከማቸ። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ሐረርኛ፣ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ የግሪክና የአርመን ቋንቋ፣ የሕንድ ነጋዴዎችም ቋንቋ በአንድ ገበያ ይሰሙ ነበር። ቃል ከቃል የሚጋባበት ከዚህ የተሻለ ሠርግ ቤት አይገኝም።

ወደ ስሞቹ ከመግባታችን በፊት ስለ መሣሪያዎቻችን ጥቂት እንናገር። «ሰምና ወርቅ» የሚለው የቅኔ ቤት ስያሜ ራሱ ከአንጥረኛ የተወሰደ ምሳሌ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁም ሰሙ በለቀቀው ስፍራ ይፈስሳል። ስለ ሰምና ወርቅ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኞቹ «ሰሙ ወርቁን ይሰውረዋል» ይላሉ። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በ1957 ዓ.ም. ገደማ ባሳተመው፣ ርእሱም «ሰምና ወርቅ» በሆነው መጽሐፉ የአማራን ባህል በዚሁ መንገድ፣ አሳብን ሸፍኖ በመናገር ልማድ አንጻር ተመልክቶታል። በእኔ አስተያየት ይህ የሙያውን ግማሽ ብቻ ማየት ነው። በአንጥረኛው ቤት ሰሙ ወርቁን የሚሰውር ሳይሆን ቅርጽ የሚሰጠው ነው፤ ሰም ባይኖር ወርቁ ያው ጥፍጥፍ ወርቅ ሆኖ ይቀር ነበር። እንግሊዛዊው ሊቅ አይ. ኤ. ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው የሥነ ንግግር መጽሐፉ ምሳሌን በተሸካሚና በሚሸከመው አሳብ ከፍሎ፣ ፍቺው ከሁለቱ ግንኙነት እንጂ ከአንዱ ብቻ አይገኝም ሲል ያስተማረው ትምህርት ለእኛ አንጥረኞች እንግዳ አይሆንም ነበር። በግሪክ ቋንቋም ለዚህ ዐይነት አነጋገር የተሰጠው ስም «ሜታፎራ» የሚለው፣ ከስፍራ ወደ ስፍራ ማጓጓዝ ማለት ነው፤ ስለ ባቡር ከተማ ለሚጽፍ ሰው የምትመች ቃል ናት።

በገበያ ንግግር ደግሞ የመሰወሩ ነገር ጭራሹን ተገልብጦ ይገኛል። ለመሰወር ሰም የሚያለብስ ባለቅኔ ወይም በውስጠ ወይራ የሚናገር ባላገር፣ ሰሚው እንደ እሱው የቋንቋው ልጅ መሆኑን አስቀድሞ ያውቃል። የድሬዳዋ ነጋዴ ግን የሚነጋገረው ቋንቋውን በግማሽ ብቻ ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው። ምሳሌ የሚናገረው ቶሎ እንዲገባለት ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ «አንድም» ነው። የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ንባብ ሲፈቱ አስቀድመው ነጠላ ትርጉሙን ያስቀምጣሉ፤ ከዚያም «አንድም» እያሉ ሌላውን ፍቺ ከጐኑ ያቆማሉ። አንዱ ፍቺ ሌላውን አያባርረውም፤ ነገር ግን ሁሉም ወደ ንባቡ ይመለሳል፤ ከንባቡ ጋር የማይታረቅ ፍቺ ቢያምርም አይቀበሉትም። ይህን ዘዴ እዚህ ላይ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ታላቁ ሊቅ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከኢየሩሳሌም ተመልሰው የሠሩት በዚሁ በድሬዳዋ ነው፤ የትንቢተ ሕዝቅኤል ንባቡ ከነትርጓሜው በ1916 ዓ.ም. የታተመውም በድሬዳዋ ቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ነው። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ያስፋፉት እኒሁ አለቃ ሲሆኑ፣ ሥራቸው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ተብሎ ካረፉ በኋላ በ1948 ዓ.ም. በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ አማካይነት ታተመ። ደስታ ተክለ ወልድም የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ድሬዳዋን የአራጣና የጉምሩክ ከተማ ብቻ አድርጎ ለሚያስብ ሰው፣ የቃላት ሥር ፍለጋ በዘመናችን ካገኛቸው ታላላቅ ሠራተኞች መካከል ሁለቱ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቁ ሲደክሙ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል።

አሁን ሲደረግ ያየውን ምስክር እንጥራ። ቃሉ «ባቡር» ነው።

ፈረንሳዮች እንፋሎትን «ቫፐር» ይሉታል። ቱርኮች ቃሉን ወስደው በእንፋሎት ለሚሄድ መርከብ ስም አደረጉት፤ ዐረቦችም «ባቡር» ወይም «ዋቡር» አሉት። ስለዚህ ቃሉ ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት አንድ ጊዜ ተለውጧል፤ የውስጡ ኀይል ስም የሙሉው ዕቃ ስም ሆኗል። የምድሩ ተሽከርካሪ በመጣ ጊዜ ደግሞ ግብጾች ሁለቱን ለመለየት አንዱን የባሕር ዋቡር፣ ሁለተኛውን የየብስ ዋቡር አሉት። የእኛም ሰዎች «ምድር ባቡር» አሉ። ይህን «ምድር» የሚለውን ቅጽል ልብ ብሎ የሚመለከተው ሰው ጥቂት ነው። በደጋ ለተወለደ፣ ባሕር አይቶ ለማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ፣ ይህን ዕቃ ስለ ምን «ምድር» ብሎ መለየት አስፈለገው? ባቡር የሚባል ነገር ሁሉ በምድር ላይ አይሄድምን? መልሱ ስሙ ከወደብ መምጣቱ ነው። «ምድር ባቡር» የሚለው ቃል ብረቱ በተጓዘበት መንገድ ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ደጋ የወጣ ነው፤ መርከብን አስቀድሞ ያየ ሰው የሰጠው ስም እንደ ሆነ በግንባሩ ላይ ተጽፎበታል። ስለ ስያሜው አመጣጥ የጽሑፍ ማስረጃ ባይኖረን እንኳ ከዚች አንዲት ቅጽል የንግዱን አቅጣጫ ለማወቅ በቻልን ነበር። ሲደረግ ያየ ምስክር የምንለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ማንም ለማሳመን ብሎ ያልፈጠረው፣ ተናጋሪውም ራሱ ምን እንደ ተናገረ ያላስተዋለው ቃል ነው።

ከባቡር ጋር ሁለት ወንድሞች መጥተዋል። «ሐዲድ» በዐረብኛ ብረት ማለት ነው፤ «ስልክ» በዐረብኛ የብረት ክር፣ ሽቦ ማለት ነው። እንፋሎት፣ ብረት፣ ሽቦ፤ ሦስቱም ዕቃው ከተሠራበት ወይም ከሚንቀሳቀስበት ነገር የተነሡ ስሞች ናቸው። ለዐረብኛ ተናጋሪ ምሳሌዎቹ ገና ሕይወት ነበራቸው፤ «ብረቱ መጣ» ሲል ብረት ይታየው ነበር። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ሞተው ነው የደረሱት፤ በጠረፉ ላይ ወርቁ ተራግፎ ሰሙ ብቻ ገባ ለማለት ይቻላል። ይህ የውሰት ቃል ጠባይ ነው፤ ምሳሌን ከውጭ የሚያስገባ ቋንቋ የነገሩን ስም እንጂ ነገሩ ከምን ጋር እንደ ተመሳሰለ አያስገባም።

ዳሩ ግን የሞተው ቃል እንደ ገና ይወልዳል። «ባቡር» በአማርኛ ለምድሩ ተሽከርካሪ ብቻ አልቀረም። በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ወደ አዲስ አበባ ያስመጣው፣ ያለ ሐዲድ የሚሄደው የእንፋሎት ተሽከርካሪ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። በሞተር የሚዞረው የእህል ወፍጮም በብዙ የአማራ አገር ባቡር ነው፤ ሴቲቱ ጤፍዋን ባቡር ቤት ወስዳ ታስፈጫለች። ቁም ነገሩ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ መሄድ አለመሄዱ አይደለም፤ ወፍጮ አይሄድም። እየጮኸ፣ እየተርገፈገፈ፣ የሰው ወይም የእንስሳ ጉልበት ሳይነካው በራሱ የሚሠራ ነገር ባቡር ነው። እንግዲህ ሕዝባችን በዚህ መሣሪያ ያደነቀው ፍጥነቱን ሳይሆን ያለ በሬና ያለ በቅሎ መሥራቱን እንደ ሆነ ቃሉ ይመሰክራል። ይህን የሚነግረን የዘመኑ ጸሐፊ አይደለም፤ ወፍጮ ቤቱ ነው። በኋላ የእንፋሎቱ ሞተር በናፍጣ ተተካ። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው፣ ከድሬዳዋ አሮጌ ጣቢያ ርቆ የሚያልፈው አዲሱ መስመርም የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ነው። እንፋሎቱ ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ስሙ ግን አሁንም እንፋሎት ነው። ሰውም ከመስመር ሲወጣ «ከሐዲዱ ወጣ» ይባላል፤ አሁን ሐዲድ ለአማርኛ የራሱ ምሳሌ ሆኗል ማለት ነው።

ከተማይቱ በተቈረቈረች ጊዜ በመንግሥት በኩል የተሰጣት ስም «አዲስ ሐረር» የሚል ነበረ። ይህን ስም ብቻውን ብናየው እንግዳ ይመስላል፤ ከእኅቶቹ ጋር ብናየው ግን ዘመዶቹ ይታወቃሉ። አዲስ አበባ፣ አዲስ ዓለም፣ አዲስ ሐረር፤ የአንድ ቤተ መንግሥት፣ የአንድ ሩብ ምእት ዓመት ልጆች ናቸው። በእነዚህ ስሞች ውስጥ ምሳሌው ያለፈውን አይመሰክርም፤ የሚመጣውን ያዝዛል። «አዲስ ሐረር» ማለት «ሐረር ናት» ማለት አይደለም፤ «ሐረር ትሁን» ማለት ነው። ይህን ዐይነቱን ስም የምኞት ምስክር ልንለው እንችላለን፤ ስለ ከተማይቱ ሳይሆን ስለ ሰያሚው አሳብ በእርግጥ ይናገራል።

ስሙ ስለ ምን ጠፋ? በእኔ አስተያየት ምሳሌው ለሚመሰልበት ነገር እጅግ የቀረበ ስለ ነበረ ነው። ምሳሌ ርቀት ይፈልጋል። አሮጌይቱ ሐረር በቅጥርዋና በአምስት በሮችዋ ተከብባ፣ ሊቃውንትዋንና ገበያዋን ይዛ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ ሕያው ሆና ተቀምጣለች። በሕይወት ካለች እናት ፊት ልጅን በእናት ስም መጥራት ያስቸግራል። ደግሞም ከተማይቱ ሐረርን አትመስልም፤ የሐረር ጐዳና የግመል ጭነት የሚተሻሽበት ጠባብ መንገድ ሲሆን፣ የባቡር ኩባንያው ሰፈር ግን በገመድ ተለክቶ፣ ዛፍ ተተክሎለት የተሠራ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ስፍራው አስቀድሞ ይጠራበት በነበረው ስም ጸና።

የሰፈሮቹ ስም ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። በደቻቱ ወንዝ በአንዱ ወገን ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ አለ። «መጋላ» በሐረርኛ ገበያ ነው፤ በሐረርም ትልቁ ገበያ «ግድር መጋላ» ይባላል፤ በኦሮምኛና በሶማልኛም ቃሉ ከተማን ያመለክታል። ይህ ሰም የሌለው ወርቅ ነው፤ ምርመራ አይሻም። «ከዚራ»ን ግን ከዐረብኛው «ጀዚራ» ጋር የሚያገናኙ አሉ፤ ይህም ደሴት ማለት ነው። ፍቺውን የተቀበለ ሰው ወዲያው ምሳሌ ይታየዋል፤ ከዚራ የፈረንሳዮችና የኩባንያው ሹማምንት ሰፈር ስለ ነበረ፣ በአገሬው ባሕር መካከል ያለ የባዕድ ደሴት ተባለ ይላል። ያማረ ትርጓሜ ነው፤ ለጋዜጣም ይመቻል። ይሁን እንጂ ዐረብኛ «ጀዚራ» የሚለው በባሕር የተከበበውን ብቻ አይደለም፤ በወንዞች መካከል ያለውን ምድርም እንዲሁ ይጠራዋል፤ በሱዳን በነጭና በጥቁር ዓባይ መካከል ያለው ጀዚራ ለዚህ ምስክር ነው። ዝናም ሲመጣ ውሃ በሚወርድባቸው የአሸዋ መንገዶች ለተቈራረጠ ከተማ ይህ ሁለተኛው ፍቺ ይበቃዋል። ቀጥተኛው ፍቺ ሲበቃ ምሳሌ መፈለግ፣ ዳገት ሳይኖር በቅሎ መከራየት ነው።

ከሰማ በኋላ የሚመሰክረው ቃል እንዴት እንደሚያስት ለማየት አንድ ጥንድ ስም እንውሰድ። በአዲስ አበባ «ለገሃር» የሚባለው ስፍራ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ማለት ከባቡር ጣቢያው መሆኑ የታወቀ ነው። በድሬዳዋ ደግሞ «ለገሀሬ» የሚባል ሰፈር አለ፤ ይህ በኦሮምኛ ጆሮ ሲሰማ «ለገ» ወንዝ፣ «ሀሬ» አህያ፣ የአህያ ወንዝ ይሆናል። ሁለቱ ስሞች በአንድ የባቡር መስመር ሁለት ከተሞች ይገኛሉ፤ በድምፅም አይለያዩም ለማለት ይቻላል። የፈረንሳይኛውን ነገር ያልሰማ ተመራማሪ፣ ለገጣፎንና ለገዳዲን ቈጥሮ፣ የአዲስ አበባውንም ለገሃር ከእነዚያ ጋር ቢደምረው ማን ይፈርድበታል? የባቡር ጣቢያው ሕንጻ ባይቆም ኖሮ ክርክሩ ማብቂያ አልነበረውም። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም የምንለው ለዚህ ነው።

አዲሶቹ ስሞች ቀለል ያሉ ናቸው። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ «ታይዋን» ተብሏል፤ የዕቃው አገር ስም ለዕቃው፣ የዕቃው ስም ለስፍራው ሆኗል። አንድ ሰው ጧት ታይዋን ደርሶ ከምሳ በፊት ሊመለስ ይችላል። «አሸዋ» የሚባለውም ገበያ እንዲሁ ከአሸዋው ነው፤ በዚህ ላይ የምንጨምረው የለም።

ደቻቱ ግን ጥቂት ያቆመናል። እንግዳ ሰው በበጋ ድሬዳዋ ደርሶ «ወንዙ የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ደረቅ አሸዋ ያሳዩታል። ሰው ይሻገርበታል፤ ግመል ያድርበታል። በእንግዳው ጆሮ «ወንዝ» የሚለው ቃል ወግ፣ ወይም የምፀት አነጋገር ይመስላል። ከተማይቱ እየሰፋች በሄደች ቍጥር በነዋሪውም ዘንድ ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ ምሳሌነት ያዘነበለ ይመስለኛል፤ በየዕለቱ ውሃ ያልታየበት ነገር ወንዝነቱ በስም ብቻ ይቀራልና። በሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ግን ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ጎርፍ በሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ቤትና ገበያ ጠራርጎ ወሰደ። ያን ሌሊት ቃሉ ወደ ነጠላ ትርጉሙ ተመለሰ። ስሙን ያወጡት ከብት አርቢዎች ምሳሌ አልተናገሩም ነበር፤ ያዩትን ነው የጠሩት። ምሳሌው የተፈጠረው ስሙን በሰጡት አፍ ሳይሆን በኋላ በሰሙት ጆሮ ነው። የአገር ስም የሚመረምር ሰው ይህን አቅጣጫ ዘወትር ማስታወስ አለበት፤ ቃል ከምሳሌ ወደ ተራ ስም እንደሚወርድ ሁሉ፣ ከተራ ስምም ወደ ምሳሌ ይወጣል።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ከተማይቱ ስም ደርሰናል፤ ጥቅም ያለው ምስክር የሚቆመውም እዚህ ላይ ነው። በሶማልኛ የሚነገረው ትውፊት ስሙን «ድር ዳቤ» ከሚል ያመጣዋል፤ ድር የታላቅ ነገድ አባት ነው፤ ኢሳና ጉርጉራ ከእርሱ ይቈጠራሉ፤ ጦሩን ወርውሮ መሬቱን የወጋበት ስፍራ ስለ ሆነ እንዲህ ተባለ ይላሉ። በኦሮምኛ የሚነገረው ደግሞ ከ«ድሬ» ይነሣል፤ ድሬ ሜዳ ነው፤ «ዳዋ» የሚለውን አንዳንዱ ከመድኀኒት ጋር ያገናኘውና «የፈውስ ሜዳ» ይለዋል፤ ሌላውም በሌላ መንገድ ይፈታዋል።

እነዚህ ፍቺዎች ዐይነታቸው የተለያየ ነው። የሶማልኛው ታሪክ ይነግራል፤ ሰው፣ ድርጊትና ዕቃ አለው። ጦር በመሬት ላይ መትከል የይዞታ ምልክት ስለ ሆነ፣ ትውፊቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የባለቤትነት ሰም ለበስ ሆኖ ተሠርቷል። የኦሮምኛው አገር ያሳያል፤ የመሬቱን መልክና በጎነቱን ይናገራል፤ እርሱም ቢሆን ከብቱን በሜዳው ያሰማራ፣ የስፍራውን ጠባይ ያወቀ ሰው ምስክርነት ሆኖ ይቀርባል። አንዱ «ያዝነው» ይላል፤ ሌላው «እናውቀዋለን» ይላል። ሁለቱም የርስት ቋንቋ ነው።

የአማርኛ ጆሮም ሥራ አልፈታም። በአማርኛ «ዳዋ» ማለት ያልታረሰ፣ ያልታጨደ ቍጥቋጦ ነው፤ የተተወ ቤት «ዳዋ በላው» ይባላል። ከተማይቱ የተሠራችበት ስፍራ አስቀድሞ ቍጥቋጦ የሞላበት ሜዳ እንደ ነበረ ለሚያስብ ሰው ይህ ፍቺ ልክ እንደ ቍልፍና ቀዳዳ ይገጥማል። ይሁን እንጂ የከተማይቱን ስም በአማርኛ እንፍታ የሚል ሰው ቢነሣ ሊቃውንቱ ሁሉ ይስቁበታል፤ የሚስቁበትም ድምፁ ስላልገጠመ አይደለም፤ ይገጥማልና። ስሙ አማርኛ ከመድረሱ በፊት በስፍራው እንደ ነበረ ስለምናውቅ ነው። ሦስተኛው ፍቺ ጥቅሙ ይህ ነው፤ መግጠም ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ያሳየናል።

እነዚህ ነገሮች በቅኔ ማኅበር ብቻ ቢነገሩ ጨዋታ በሆኑ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ግን ድሬዳዋ የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች የይገባኛል ጥያቄ ያነሡባት ከተማ ስለ ሆነች በፌዴራል መንግሥት ሥር ቆይታ፣ በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 416 ቻርተር ተሰጥቷታል። እንዲህ ባለ ጊዜ የስም ፍቺ ከሽማግሌ አፍ ወጥቶ ወደ ፖለቲካ ሰሌዳ ይገባል፤ ተማሪውም በጽሑፉ መግቢያ ላይ አንዱን ፍቺ ብቻ ጽፎ «የከተማይቱ ስም ትርጉም ይህ ነው» ብሎ ያልፋል። ያን ጊዜ የሠራው የትርጉም ሥራ አይደለም፤ ሳያውቀው ለአንዱ ወገን ፈርሟል።

እዚህ ላይ የአንድምታው ሥርዐት ይጠቅመናል የምለው ሁሉንም ወገን ለማስደሰት አይደለም። መምህራኑ «አንድም» ሲሉ ሁለቱም ፍቺዎች በአንድ ደረጃ እውነት ናቸው ማለታቸው አይደለም፤ ንባቡ ምን እንደሚችል ይመዝናሉ፤ ብዙ ጊዜም ፍቺው ከየትኛው መምህርና ከየትኛው ቤት እንደ መጣ ይናገራሉ። ለከተማ ስም ያለን ንባብ ድምፁ ብቻ ነው፤ ድምፁም ከአንድ በላይ ፍቺ ይሸከማል። ስለዚህ ጦሩን ስለ ወረወረው አባት የሚነገረው ትውፊት ከተማይቱን ማን ቀድሞ እንደ ያዘ አያስረዳም፤ የድር ልጆች ከዚህ ምድር ጋር ያላቸውን ግንኙነት በምን ምሳሌ እንደሚያስቡት ግን እጅግ በጥሩ ሁኔታ ያስረዳል። የሜዳውም ፍቺ እንዲሁ ነው። ሁለቱም የታላቅ ነገር ሰነዶች ናቸው፤ የርስት ደብተር ግን አይደሉም።

ለዚህ ሥራ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ተማሪ «ስሙ ምን ማለት ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ከማን ሰማኸው? በየትኛው ቋንቋ? ስንት ዓመት ሳለህ?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። በተለይ የጉርጉራ ሽማግሌዎችን ቢፈልግ መልካም ነው። እነርሱ በዘር ሐረጋቸው ከድር ይቈጠራሉ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ኦሮምኛ ይናገራሉ፤ ሶማልኛም የሚናገሩ አሉ። ሁለቱን ፍቺዎች እንደ ሁለት ባለጋራዎች የያዘ ሰው፣ ሁለቱም ከአንድ ሽማግሌ አፍ ሲወጡ ሊሰማ ይችላል፤ የትኛውን በየትኛው ቋንቋ፣ በማን ፊት እንደ ተናገረው መዝግቦ መያዝ ነው።